ጡጫ የምታህል

ስፌት ነው ሥራዬ፣ ክር ነው እንጀራዬ፤
መሐል ሜዳ፣ ገበያው ጥግ፣ መኪናዬ ናት ጓደኛዬ።
እቁቤ ወጣልኝ በጥቅምት መባቻ፤
አርባ ሁለት ቆርቆሮ ሆነ፣ የእኔ ብቻ።

ባሕር ዛፉ ቆመ፣ ተማገረ፣ ታሰረ፤
ጭቃው ከገብስ ጭድ ጋር ተቦክቶ ሁለት ሳምንት አደረ።
ጋሽ ሀብተየስ ይባላል የግድግዳዬ ሐኪም፤
"ጭቃ ካልሸተተ" ይላል፣ "ከእንጨት አይታረቅም።"

መረገው አንድ ዙር፤ ደረቀ፣ ተሰነጠቀ
እንደ ባልቴት ተረከዝ፤ እሱ ግን ሳቀ።
"የት የት እንደሚያመው ይንገረን" አለና
እበት ባመድ ለውሶ መረገው እንደገና።
ሦስተኛውን ዙር በመዳፉ አሸው፣ ቀስ ብሎ፣
ልጅ እንደሚያሽ አዋላጅ፣ ቅቤ ተቀብሎ።

ኮርኒሱ የእኔ ነው።
ሠላሳ ስድስት ጆንያ ፈትቼ፣ አጥቤ፣
ጎን ለጎን ሰፋሁት፣ ጠርዙን አጥፌ፣ ደርቤ፤
በስንዴ ሙጫ ቀባሁት፣ ከበሮ እስኪመስል ወጠርነው፤
"ነፋስ ዘመዱን ይፈልግ" አልኩ፣ "እኛ በሩን ዘጋነው።"

አውቀዋለሁ ነፋስን። የተወለድኩበት ቤት
ከጓሳ በኩል የሚመጣ እንግዳ ነበረበት፣
ሳያንኳኳ የሚገባ፣ ሳይጋበዝ የሚያመሽ፣
ከአባቴ ሳል ጋር ሲያወጋ ወፍ ጭጭ ሳይል የማይሸሽ።

ማታ ጋሽ ሀብተየስ ጧፍ አብርቶ መጣ።
መስኮቱን ዘጋን፣ በሩን ቀረቀርን፤ መሰላሉን ወጣ፤
ትንፋሹን ውጦ፣ ዐይኑን አፍጥጦ፣
ኮርኒስና ግድግዳ ከሚሳሳሙበት ጧፏን አስጠግቶ።
ቀጥ ብላ ነደደች። ቀጥ ብላ። ቀጥ ብላ።
ከመስኮቱ ራስ ጋ ሰገደች ዘንበል ብላ።
"እዚህ ጋ" አለ፤ በአውራ ጣቱ ደፈነ።
በበሩ መቃን ሥር ደግማ ሰገደች፤ ደፈነ።
ከእኔ ስፌት ጫፍ ላይ፣ አፈርኩ፣ ሁለት ክር ተፈትቶ፣
ጧፏ እዚያም እጅ ነሳች። ሰፋሁት፣ እሱ መሰላሉን ይዞ።

በመጨረሻ በአራቱም ማዕዘን
እንደ ዘብ ቆመች፤ የሚነካት ጠፋ።
ዝም አለ ቤቱ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤
የጧፏ ሰም ሲንጠባጠብ ይቆጠር ነበር።
አጨበጨብኩ።

እሱ ግን መሰላሉን ዳግመኛ ወጣ፤
ከሻንጣው መሮና መዶሻ አወጣ፤
ከኮርኒሱ ሥር፣ ያን የታሸ ምርጊት
መታው፣ ሸረከተው፣ ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ከፈተበት።
"ምን ነካህ!" ጮኽኩ። "እቁቤን! ልፋቴን! ቤቴን!"
አልመለሰም። ነፋሱ ገባ፤ ነካ አንገቴን።

ወረደ። ተቀመጠ። ጧፏን በሁለት ጣቱ አጠፋት።
"አምና ከወንዙ ማዶ አንድ ቤት ሠራሁ" አለ በጨለማው፣
"ጧፍ የማይነቀንቅ፣ እንዳንቺው።
ባልና ሚስት ገቡበት። ገና መጋባታቸው ነው።
ብርዱ ጠነከረ። ከሰል አስገቡና መዝጊያውን ዘጉት።"
ቆየ።
"ጠዋት በሩን የገነጠልኩት እኔ ነኝ።
አንድ ስንጥቅ አልነበረውም ግድግዳው።
ሥራዬ ጥሩ ነበር።"

ሒሳቡን ስከፍለው የዚያን ቀን ውሎውን አልቆጠረም።
እኔም አልተከራከርኩም።

በነጋታው ከበግ ቆዳ ቁራጭ
የቀዳዳዋን ጠርዝ ዙሪያውን ዘመዘምኩ፣ በጫማ ምስማር።
ሃያ ዓመት ኮት ስሰፋ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣
መቀስ አንስቼ ደህናውን ጨርቅ እቀዳለሁ፣ ሆን ብዬ፣
ቁልፍ እንዲገባበት፤
እንዳይተረተር በክር እከባታለሁ።
ያለዚያች ቀዳዳ ኮት አይዘጋም።

አሁን ያ የጓሳ እንግዳ ማታ ማታ
በአንዲት በር ብቻ ይገባል፤ ጥቂት ያወጋኛል።
የሚያስልለት ሰው የለም።