ነቅ

ሳሪቡላክ ጣቢያ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
የካዛክ ሜዳ ነፋስ በበረዶ ሲወግራት፣
ባቡሩ እንደቆመ መዶሻ አንግታ
ኩልያሽ ትወጣለች ልታደምጥ መትታ፤
ገንቦ እንደሚገዛ፣ ነቅ እንደሚፈራ፣
የብረቱን እግር፣ አንድ ባንድ በተራ።
የታመመው «ቀጭ» ሲል፣ ደኅናው ይላል «ድንን»፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰምታለች ይህንን።

መጀመሪያ ፖስታው፣ መስኮት የሌለበት፣
የሰው ጉዳይ ሁሉ ታሽጎ ያለበት።
ቀጥሎ መደዳው፣ ሃምሳ አራት አልጋ፣
በር የለ ግድግዳ፣ እግር ሲዘረጋ፤
ካልሲና ደረቅ ዓሣ ባንድ ላይ ሸትቶ፣
ወታደር ካሮጊት ቁማር ተጫውቶ።
ወፍራም ነው የዚህ ድምፅ፣ ሸክም ያለበት ሰው፤
ቀስ ብላ ትመታለች፣ እንዳትቀሰቅሰው።

ከዚያ ባለ አራቱ፣ ተንሸራታች በሩ፣
አራት ባዳ ሰዎች ተያይተው የሚያፍሩ።
ከዚያም ባለ ሁለቱ፣ ወለሉ ሥጋጃ፣
መስኮቱ ላይ ወርዷል የሐር መጋረጃ።
ምግብ ቤቱ ጨልሟል፣ ወንበር ተገልብጦ፤
አብሳዩ ያጨሳል በሩ ላይ ተቀምጦ።

ለሷ ሁሉም አንድ ነው፤ ስምንት ስምንት እግር፤
ከሥሩ ለሚያይ ሰው የለም ልዩ ክብር።
አንድ ጊዜ ብቻ፣ የዛሬ ሰባት ዓመት፣
ከሐሩ ሥር ነቁን ድንገት ሰምታበት፣
ባለፒጃማዎች መደዳው አደሩ፣
ዓሣውን ቀመሱ፣ ቁማሩን ተማሩ።

ያን ሌሊት ግን አንድ ፉርጎ፣ ከጭራው ተቀጥሎ፣
በመዝገቧ የሌለ፣ ሳይጻፍ ተንጠልጥሎ፤
ባንድ ጎኑ ዕውር፣ በሌላው ፍርግርግ፣
ዘብ ቆሞ ደጁ ላይ ሲጋራ የሚምግ።
«ራቂ» አላላትም፤ ሥራዋ ነው፣ ያውቃል።
መታች። አንድ፣ ሁለት። ሦስት፣ አራት። ይጮኻል።
ከዚያ፣ ከውስጥ በኩል፣ በጡጫ፣ በጉልበት፣
ድው። ድው። ድው። ድው።
                    አራት።

ዘቡ አልሰማ ይሆን? ሰምቶስ ዝም አለ?
መዶሻው በእጇ ላይ ከበደ፣ ዋለለ።
ብረት ቢሆን ኖሮ ትለይ ነበር ነቁን፤
ከጡጫ ማን አውቆ ጤናውን፣ ጭንቁን?
አምስተኛ ምት የለም፣ ደንቡም ላይ አልሠፈረ፤
ሐዲዱን መታችው፣ እስከ ሩቅ ነዘረ።

ባቡሩ ተነሣ፤ ዓሣው፣ ሐሩ፣ ዘቡ
ባንድ መንጠቆ ታስረው ወደ ጧት ተሳቡ።

ከምድጃው ዳር ሆና ጓንቷን አወለቀች፣
«አሥራ ሁለት» ሰርዛ «አሥራ ሦስት» ጻፈች።
ለአሥራ ሁለቱ ሁሉ፦ «ነቅ የለም»፣ «ነቅ የለም»፤
ላሥራ ሦስተኛው ግን አልጻፈችም ምንም።