ጋንና ጠጠር

ነጎድጓድ መሬቱን አንኳኩቶ ባለፈ በሦስተኛው ዕለት፣
አኻያው ጠጉሩን ሲያጥብ፣ ትል ሲነቃ ከመሬት፣
ሩዪን፣ ጎንበስ ብላ፣ ከወንዙ ዳር
አንዲት ድንጋይ ለቀመች፤ ለስላሳ፣ እንደ ጉበት ቀይ-ጥቁር።
ውሃ ስንት ዘመን ልሶ ልሶ ጥርሷን ያረገፈባት፣
የምትፍቅ እንጂ የማትቆርጥ፣ ምላጭነት የራቃት።

በዚያ አገር ወንዙ ጋን ነው ስሙ።
ጉበትም ጋን ነው፣ ድምፁን ጥቂት ከፍ አድርገው ሲያሰሙ።
የእኔ ጆሮ የለመደው ሌላ ጋን ነው፤ ሸክላ፣ ሆደ ሰፊ፣
ከላይ ዝም ያለ፣ ከውስጥ አረፋ ገፊ።

የዚያ አገር ሰዎች ይላሉ፦ ጸደይ የጉበት ወር ነው፤
ዛፍ ሊያቆጠቁጥ ሲገፋ፣ ጉበትም ይገፋል ያመቀው።
በብርዱ ወራት የተዋጠ ቁጣ እዚያ ይከማቻል፤
ዓይን ያቀላል፣ ጎን ይወጋል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያነቃል።

ሊያንቻዎ ከኅዳር ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።
የሆስፒታሉ ወረቀት «ጉበትሽ ጤና ነው» ይላል፤ ሌላ አይልም።
ባሏ ቺሹን አሸዋ የሚጭን ጀልባ ነበረው፤ ሸጠው።
ሥራ ፍለጋ ብሎ ወደ ደቡብ ሄደ፤ የስልኩንም ቁጥር ቀየረው።
ከዚያ ወዲህ አማትና ምራት ከአንድ ድስት ይበላሉ፣
ስለ ጨው፣ ስለ ጋዝ ዋጋ፣ ስለ ዶሮዎቹ ያወራሉ።
ስለ እሱ ግን
ሆድ ይፍጀው።

«ልብስሽን አውልቂ» አለች ሩዪን። «ዛሬ ቀኑ ነው።»
ከሻይ ፍሬ የተጨመቀውን ዘይት በመዳፏ አሞቀችው።
ከማጅራት ወደ ታች፣ ወደ ታች፤ ወደ ላይ መመለስ የለም።
ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ጎን፤ አትቸኩልም።
ክር ክር። ክር ክር።
የድንጋይ ምላስ በዘይት ላይ ሲናገር።

መጀመሪያ ሮዝ። ከዚያ ቀይ። ከዚያ የተፈጨ በርበሬ የተነሰነሰበት።
ቀዩን «ሻ» ይሉታል። አሸዋንም «ሻ» ነው የሚሉት፤
ያንኑ ቺሹን ከወንዙ ሆድ ሲዝቀው የኖረውን።
እዚህም ከቆዳው ሥር ፍሬ ፍሬ እያለ
አሸዋው ወጣ፤ በቀኝ በኩል፣ በጉበት ትይዩ፣ ጠቆረ፣ ተንጠለጠለ።

(የመድኃኒት ቤቱ ልጅ «ደም ነው፣ ጉበት ጋ አይደርስም»
ይላል፣ መነጽሩን እያበሰ።
ሩዪን ትስቃለች፦ «እሱ ገና መች ጎጆ ወጣ፣
መች አለቀሰ።»)

ሊያንቻዎ ጥርሷን ነከሰች። ድንጋይዋ ድንገት ቆመች።
«አውቅ ነበር» አለች አሮጊቷ፤ ከራሷ ጋር የምታወራ መሰለች።
«ጀልባውን እንደሚሸጥ፣ እንደሚሄድ። የዚያኑ ማታ ነግሮኝ ነበር።
በሩ ላይ ልተኛበት አሰብኩ፤ እግሬ እንቢ አለ። ልጄ ነው።
አፈርኩ መሰለኝ፣ ላንቺ ለመናገር።»

ዝም።
ሩዙ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ተንጫጫ፤ የተነሣ የለም።

ሊያንቻዎ ዞረች። እጇን ሰነዘረች፣ በጥፊ አኳኋን፤
ግን መዳፏ ተዘርግቶ ቀረ፦ «ይስጡኝ ድንጋይዋን።
አሁን እርስዎ ይቀመጡ።»

ባሏ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ጸደይ፤ ያን ጀርባ ማንም አልነካው።
ቆዳው እንደ እርጥብ ወረቀት ሳስቷል፣ አጥንቱን ትቆጥረዋለህ እንዳለው።
ገና ሁለቴ ሲፋቅ
ጥቁሩ ወጣ፤ ከምራቷ የባሰ፣
ለካ ስንት ዓመት በጋኑ ውስጥ ታፍኖ የተጠነሰሰ።

ጋን በጠጠር ይደገፋል፣ ይባላል በእኛ ዘንድ፤
ያቺ ጠጠር ያን ዕለት ደገፈች ይሁን ሰነጠቀች፣ ማን ይፍረድ?
ሩዙ ከታች ማረር ጀመረ።
ሊያንቻዎ ከሚገባው በላይ ጫን አለች፤ ታውቃለች።
ሩዪንም ታውቃለች። ዓይኗን ወደ መስኮቱ አድርጋ
«ጠበቅ አድርጊው» አለች።