ከኋላ የሚቆጥር

እኔ ሪንሰ ነኝ፣ የሰልፉ ጭራ፤
ጫማ በማጥ ሲዋጥ ስሜ የሚጠራ።
ባሕሩ ሲሸሽ፣ ወለሉን ሲያበድር፣
ከፍሪስላንድ ግድብ እስከ አሜላንድ ዳር
መንገደኛ አጅበን በእግር ስንሻገር፣
ዬልትየ ከፊት ናት፣ ዘንጓ ውኃ ሲለካ፤
እኔ ከኋላ ነኝ፣ ሰው ቆጥሬ የማልረካ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አሥራ አራት ራስ፤
ደግሞ ከአንድ እጀምራለሁ፣ ቀጣዩ ቦይ እስክንደርስ።

በትር የለንም እንደ ሙሴ፣ ባሕር የሚከፍል፤
ያለን የሰዓት ሰሌዳ ነው፣ ጨረቃ የጻፈችው፣
በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ የሚገፋ፣ ግን የማያወላውል።

"ሥራህ ይኸው ነው" ትለኛለች፤ "ጀርባ ማንበብ ልመድ፤
ፊት ይዋሻል፤ ድካም ግን በትከሻ ነው የሚወርድ።"

ያን ቀን ከመጡት መካከል አንድ የባንክ ሰው ነበር፣
ዋሻ የወረደ፣ በፊኛ የበረረ፣ ኪሱ ሙሉ ዝርዝር፤
እያንዳንዱን ጀብዱ በእስክሪብቶ የሚሰርዝ፣ እንደተከፈለ ብድር።
አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ፣ ተያይዘው የሚወድቁ፣
ጭቃ እየተቀባቡ እንደ ሕፃን የሚሳሳቁ፤
ስድስት ጡረተኛ መምህራን፣ ቴርሞስ የታጠቁ።
ወይዘሮ ግሪት ደግሞ፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣
ባሏ ሳይሞት የገዛላት ጫማ ነው የመምጫ ምክንያቷ።

የባሕር ወለል ድምፅ አለው፤ የሚንተከተክ ድስት ይመስላል፤
ጭቃው በሺህ ጉድጓዱ ትንፋሽ ይስባል።
"ስሙ" አለች ዬልትየ፤ አሥራ አራቱም ጎንበስ አሉ፤
የባንኩ ሰው እንኳ ዝርዝሩን ረሳ፣ ጆሮ ሆነ በሙሉ።

ሁለት ሦስተኛው አለቀ። ደሴቷ ትታያለች፣
ቀይና ነጭ ማማዋን ቀጥ አድርጋ ትጠብቃለች።
አንድ ቦይ ብቻ ቀረ። ዬልትየ ዘንጓን ነከረች፤
አወጣች፤
ደግማ ነከረች።
ውኃው ከልማዱ በአንድ ስንዝር ይበልጣል፤
ከሰሜን ምዕራብ ነፋስ፣ ከነፋሱ ጋር ጉም ይመጣል።
"እንመለሳለን" አለች።

ቁጣውን ልንገራችሁ? "ያውና እኮ! እዚያ ነው!
ድንጋይ ብወረውር ይደርሳል፤ ለምኑ ነው የከፈልነው?"
የባንኩ ሰው ቦርሳውን አወጣ፤ "ልጨምር፣ ስንት ነው?"
ዬልትየ እግሯን ከማጡ ነቅላ አሳየችው፤
ኮቴዋ የነበረበትን ጉድጓድ
ዓይኑ እያየ ውኃ ሞላው።
"አበዳሪው መጣ" አለችው፤ "አንተ ይህን ታጣዋለህ? ምነው!"

ዙሩ ስትል ሁሉም ዞረ። ያኔ ነው የገባኝ፤
ሰልፉ ሲገለበጥ ጭራው ፊት ሆነብኝ።
"ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ" ሲባል ሰምቻለሁ፤
በሃያ ዓመቴ፣ በባሕር መሐል እንደሆነ መች አውቄአለሁ?
"ሪንሰ፣ ደቡብ ምሥራቅ!" አለች ጮኻ፤ "አትሩጥ!"
ጉሙ ደሴቷን ዋጠ፤ ግድቡን ዋጠ፤
ቀረኝ የኮምፓሱ መርፌ ሲንቀጠቀጥ።

ለካ ፊት የሚሄድ ሰው የሚያነበው ጀርባ የለውም።
ነጭ ነው ፊቱ፤ ባዶ ነው፤ ሌላ ምንም።
ያለህ ሃያ ስምንት እግር ነው፣ ከኋላህ ጭቃ የሚምግ፣
የወይዘሮ ግሪትም ትንፋሽ፣ ከማጅራትህ ጥግ።
ዞሬ አልቆጠርኩም፤ ፈራሁ፣ መስመር እንዳልስት።
ከዚያ፣ ከሩቅ፣ ከጭራው፣ የዬልትየ ድምፅ፦ "አንድ… ሁለት… ሦስት…"
ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር፣ እንዲሰማኝ፤
አሥራ አራት ስትል ጉልበቴ ጸናልኝ።
"አሥራ አምስት" አለች ቀጥላ፤
እኔንም ቆጠረችኝ።

ግድቡ ጋ ስንደርስ ውኃው እስከ ጉልበት ነበር።
በጎቹ ቀና አሉ፤ አዩን፤ ተመለሱ ወደ ሣር።
የባንኩ ሰው ዝም ብሎ ካልሲውን ጨመቀ፤
ዝርዝሩ ኪሱ ውስጥ ርሶ፣ ገጽ ከገጽ ተጣበቀ።
ወይዘሮ ግሪት፣ አንድ እግሯ ባዶ፣ ትስቃለች፤
"አንዱ ጫማ ከቦዩ ዳር ቀረ፤
እሱ ይሻገር" አለች።