አንቀጽ አራት

የሆጤ ላይ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ነኝ፣
አሥራ ሰባት ዓመት መዝገብ ያጎበጠኝ፤
የቀረ ሃያ ብር፣ ያረፈደ አሥር፣
ሰውን የማሰፍር መስመር በመስመር።

ባለፈው ነሐሴ፣ በእትዬ ዙሪያሽ ለቅሶ፣
የጦሳ ነፋስ ገባ ሸራችንን ጥሶ።
ንፍሮው ውሃ ገባው፤ ጋቢው ሁሉ ራሰ፤
ሰዉ ወንበር አዝሎ ጓዳ ውስጥ ፈሰሰ።

አንድ ሰው ቀረ እንጂ። ባቢክር፣ ልብስ ሰፊ፣
ከኦምዱርማን መጥቶ በሰፈሩ አላፊ፣
ከሚስቱ ኢብቲሳም ጋር ሰርቪስ ቤት ያደረ፣
ከሰላምታ በቀር ወግ ገና ያልጀመረ።
ሸራውን ጠቅልሎ በጫንቃው ተሸከመ፣
ጎሕ እስኪቀድ ድረስ ሲንጀሩ አልደከመ።

ጠዋት ብናየው ስፌቱ ሰማያዊ ነው፤
ነጭ ክር አልቆበት።
ከአናት እስከ ግርጌ ጠመም ጠመም እያለ ይወርዳል።
«ዐባይ ነው» አለ በተሰባበረ አማርኛ፤
«ከኩታበር ወዲያ የዘነበው ሁሉ
በበሽሎ አድርጎ በደጄ ያልፍ ነበር።
የእናንተን ዝናብ ስጠጣ ነው ያደግሁት።»

«ስንት እንክፈል?» አልነው በእሑዱ ስብሰባ፤
«እኔ ልክፈል» አለ፣ «ስሜ መዝገብ ይግባ።»

ያን ጊዜ ተነሣሁ። መነጽሬን አድርጌ፣
«አንቀጽ አራት!» አልኩኝ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፤
«አባል ማለት ቋሚ የሰፈር ነዋሪ፣
ቀበሌ የሚያውቀው፣ በቤቱ አዳሪ...»
አዳራሹ ዝም አለ።
ዝምታውን እንደ ድጋፍ ቆጠርኩት።

እማማ ጦይባ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ።
«አብሽር ልጄ» አሉኝ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅህ።
ያን ጥቅምት፣ ፍራሽ አዝለህ
የኮምቦልቻን ቁልቁለት ስትወርድ፣
የትኛው አንቀጽ ነበር ያሳደረህ?»

መልስ አልነበረኝም።
ደብረ ብርሃን፣ ትምህርት ቤት፣ ሰባተኛ «ለ» ክፍል፣
ዴስክ ገጥመን ተኝተን፣ ብርዱ አጥንት እየጋጠ፣
አንዲት ሴት ከራሷ ላይ ብርድ ልብስ ገፍፋ ሰጠችኝ።
«ከየት ነህ?» እንኳ አላለች።
እኔም፣ የሰው ስም በመጻፍ የሸበትኩ ሰው፣
ስሟን አልጠየቅኋትም።

እስኪሪብቶ አነሣሁ።
«ሙሉ ስም?» አልኩት። ከራሱ ጀመረ፣
አባቱን፣ አያቱን፣ ምንጅላቱን ቆጠረ፤
መስመሩ አልበቃውም፣ ወደ ኅዳጉ ዞረ፣
አንዱ አያት በሚቀጥለው ገጽ ላይ ቀረ።

አንቀጽ አራት እስከ ዛሬ አልተሰረዘም።
ለማሻሻል የአባል ሁለት ሦስተኛ ይፈልጋል፣
ሁለት ሦስተኛው ደግሞ ሁልጊዜ ያረፍዳል።
ባቢክር ግን ድምፅ አለው፤ እጁን አውጥቶ ይከራከራል፣
«የድንኳኑ ኪራይ ረክሷል» ይላል።
ኢብቲሳም የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤
ድስት የጎደለ ዕለት ማንንም አትምርም።

ትናንት ቀብር ነበረን።
ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ እየሮጠ ደረሰ፣
ጣቱ ላይ የልብስ ጠመኔ እንደነጣ።
ቀና ብዬ አየሁት። ዝቅ ብዬ ጻፍኩት፦
ባቢክር፣ አረፈደ፣ አሥር ብር።
ሣቁን በመዳፉ ሸፍኖ ከፈለ።
ደረሰኙን አራት ቦታ አጥፎ
የስደተኛ ወረቀቱ ያለበት ኪስ ሊከተው ሲል
ተወውና
ወደ ሌላኛው ኪሱ ከተተው።