የማርሹ ቀሚስ

ሂርማታ፣ ነጂብ ጋራዥ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል፤
ነጂብ ከላንድክሩዘሩ ሆድ፣ ቡሎን ከዝገት ያላቅቃል።
የማርሹ ቀሚስ ተተርትሯል፤ ጎማው ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣
የሊሙን ጭቃ ሲያስገባ ኖሯል፣ ከእግራችን ሥር ተደብቆ።

የማርሹ ራስ መላጣ ነው፤
ቁጥሩን የአባቴ መዳፍ በላው።
ሦስተኛን በጆሮው ነበር የሚያውቀው፣ በሞተሩ ሳል፤
እኔ አዲስ ገዝቻለሁ፤ ቁጥሩ ከሩቅ ይነበባል።

ኮንሶሉ ሲነሳ፣ ከሥሩ፦
የሸሚዝ ቁልፍ፣ የዛገ ሳንቲም፣
የነዳጅ ደረሰኝ፣ ቀለሙ ሸሽቷል፣ ቀኑ አይለይም፣
ደግሞ ጭቃ የጎረሰ ነገር።
ነጂብ በቤንዚን አጠበው፤ በጣቱ ጫፍ ያዘው፦
የእናቴ ጉትቻ።

ሹክሪያን ያባረርንበት።
ፌስታሏን በረንዳ ላይ የዘረገፍንበት፤
ቁርኣን ይዛ ስትምል፣ «ሌባ መሐላ አይፈራም» ያልንበት።

ነጂብ አዲሱን ራስ አጥብቆ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤
«ሞክረው» አለኝ። ፍሪሲዮን ረገጥኩ። እጄ ቁጥሮቹን ፈለገ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ እንደ ቅቤ ይገባል።
«የኋላውስ?»
«እሱ ጠንካራ ነው» አለ፤ «ጫን ስትለው ይታዘዛል።»

አገሯ ሰቃ ነው መሰለኝ፤ መንገዱ ይጨቀያል፤
ጉትቻው መተርኮሻው ውስጥ፣ በየጉድጓዱ ያንቃጭላል።