የሚሸሽ ቅላት

ሥራዬ መረብ ነው፤ መጠገን በመርፌ፣
ከቡሬላ ወደብ፣ ከግንቡ ጥግ አርፌ።
አርባ ዓመት ሙሉ ዓይኔ እየደከመ፣
ጣቴ ግን ከክሩ፣ ከቋጠሮው ላይ፣ ማንበብን ለቀመ።

ባሌ ኤላዲዮ በነሐሴ ወደቀ፣
ቦኒቶ ዓሣ ሲጎትት፣ ልቡ መቅዘፊያውን እየለቀቀ።
ወደ ሉጎ ወሰዱት፤
ከግራ ትከሻው ዝቅ ብለው ቀደዱት፤
የክብሪት ቀፎ የምታህል ብረት ከቆዳው ሥር ቀብረው
ሽቦዋን በደም ሥሩ እስከ ልቡ ዘረጉለት።
"ከእንግዲህ ብትዘነጋ የምትቀሰቅስህ እሷ ናት" አሉት።

አራት ወር ደህና ሆነ። በአምስተኛው፣ አንድ ማታ፣
ሸሚዙን ሲያወልቅ፣ ከብረቷ በላይ ቆዳው ቀልቶ አየሁ፣ እንደ ወይን ጠብታ
በገበታ ጨርቅ ላይ እንደተንጣለለ።
"ያምሃል?" አልኩት። "አያመኝም" አለ።
"ያቃጥልሃል?" "የለም።"
ባሕርተኛ መቼም
"አመመኝ" አይልም፤
ማዕበል ቢውጠው "ረጠብኩ" ነው የሚል፤ ሌላ ቃል አያውቅም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጎንበስ ብሎ አየና፣
"ኢንፌክሽን ነው" አለን፤ "ጀርሙ በሽቦው ላይ ተንፏቆ፣ ልቡ ሳይደርስ ገና፣
ሁሉም መውጣት አለበት፤ ብረቷም፣ ሽቦውም።"
እሱም ሰማ፤ እኔም ሰማሁ፤ አልተያየንም።

አሥር ቀን መድኃኒት በክንዱ ተንጠባጠበ፤
ቅላቱ ግን ያው ነው፤ አልሰፋ፣ አልጠበበ።
መግል የለው፣ እብጠት የለው፣ ትኩሳት የለው፤
ደሙን በብልቃጥ ጠበቁት፤ ብቅ ያለ ነገር የለው።
"ቢሆንም" አሉ።
"ቢሆንም" የምትባል ቃል! ስንቱን ደህና ሰው
ወስዳ አጋድማለች፣ ቢላዋ ሥር፣ ሳትጠይቀው!

ለሐሙስ ቆረጡ።
ረቡዕ ከሰዓት ከአልጋው አጠገብ ሆኜ፣ እጄ ሥራ ፈትቶ፣
ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ቅላቱ ጠፋ፤ ነጣ፤ ወዲያው ከዳር ዳር ተጎትቶ
ተመለሰ። ደግሜ ተጫንኩት። ሸሸ። መጣ።
መነጽሬን አደረግኩ። እንዴት እስከ ዛሬ ከዓይኔ ታጣ!
የፈሰሰ ቀለም አይደለም፤ ክር ነው፤ ቀጭን ቀይ ክር፣
አንዱ ካንዱ ተቋጥሮ፣ ዓይን ዓይን ሠርቶ፣ ከቆዳው ሥር፤
ልክ የሰርዲን መረብ።
የበሰበሰ መረብ ይሸታል፤ ሲነኩት ይበጠሳል፤
ይህ ጤነኛ ነው፤ ቦታው ብቻ ጠፍቶታል፤ ሰው ላይ ምን ይሠራል?

ነርሷን ጠራሁ፤ ነርሷ ሳቀች፤ ግን ሄዳ ነገረች።
የቆዳ ሐኪሟ፣ ዶክተር ኡሺያ፣ ወደ ማምሻ ላይ መጣች፤
ካፖርቷ ዝናብ ያንጠባጥባል፤ ስስ መስተዋት አውጥታ
ጫነችው፤ ዝም አለች፤ በማጉያ አየች፤
ምስር የምታህል ቁራጭ ወሰደች፤ ቢላዋውን አስቆመች፣ በዚያው ማታ።

ውጤቱ ሲመጣ፣ "ጀርም የለም" አለችን፤ "የሰፉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ናቸው።
ከብረት በላይ ለምን እንደሚሰፉ በእርግጥ አላውቅም፤ ብቻ አትንኳቸው።"
"አላውቅም" የሚል ሐኪም ያን ቀን አየሁ፤
ከዚያ በፊት ማንን እንዲያ አምኜ አውቃለሁ?

ወጣቱን አልጠላሁት። ከጎን የተኛው ሰውዬ፣ ሴኞር ባልቢኖ፣
የእሱ ቅላት እውነት ነበር፤ መግል ነበረው፤ ሁሉን አወጡለት፤ ተረፈ፣ መንምኖ።
ሁለት ቀይ፣ ሁለት አልጋ፤ አንዱ እሳት፣ አንዱ የእሳት ሥዕል፤
ከበር ላይ ቆሞ ለሚያይ አንድ የሚመስል።

አሁን ቤት ነን። ባሕር ተከልክሏል፤ ክር ያቀብለኛል፤ ያማርራል።
ቅላቱ ከቦታው አለ፤ በሙቀት ይደምቃል፤ ብርድ ሲመጣ ይደበዝዛል።
ማታ፣ መብራት ሳናጠፋ፣ በጣቴ ጫን አደርገዋለሁ፤
ይሸሻል። እጠብቀዋለሁ።
ይመለሳል።
"ምን ትፈልጊያለሽ?" ይለኛል።
"ቀዳዳ።"
"አገኘሽ?"
"አላገኘሁም። ተኛ።"