ፍሬን የሌለበት ወለል

ሰባት ዓመት ሙሉ እቁብ ስጥል ኖሬ
ዘንድሮ ደረሰኝ፤ ተቆጠረ ብሬ።
ከሌሊት ፈረቃ፣ ከደም ናሙና መሐል
ስወጣ ባጃጅ የለም፤ ውሻ ግን ይበዛል።
አዘዞ ሩቅ ነው፤ ጨለማው ጠና ያለ፤
መኪና የሚል ሐሳብ በልቤ በቀለ።

ደላላው ደሳለው አራዳ ጠበቀኝ፣
ከእግር እስከ ራሴ እንደ ጎማ ለካኝ።
«እህቴ፣ እንዲህ ያለ አይገኝም ከቶ፣
ዶክተር ነው የነዳት፣ ለእሑድ ብቻ አውጥቶ።»
ቀይ ቪትዝ። የምታበራ እንደ ሙሽራ ጥፍር፣
ወንበሯ ከነላስቲኩ፣ ሽታዋ ሎሚ፣ ሆዷ ምስጢር።
ቆጣሪዋ የሚለው ሠላሳ ሺህ ብቻ፤
ፔዳሏ ግን አልቋል እንደ በቅሎ ኮርቻ።
ልቤ እዚያው ፈረመ። እውነት ለመናገር
ቀለሟን ነው የወደድኩት፤ ሌላው ሰበብ ነበር።

ሙጨ መካኒክ ነው፤ የአክስቴ ልጅ፣ ዝምተኛ፣
ከሰው ጋር የማያወራ፣ ከሞተር ጋር ወሬኛ።
ኮፈኑን ከፈተ፤ ዘይቱን በጣቱ
አሸት አርጎ አየው፤ ተሸበሸበ ፊቱ።
ከአሮጌ ራዲዮ የነቀላት ማግኔት
በሩ ላይ ቢያስጠጋት ወደቀች ከመሬት።
«ስቱኮ ነው» አለኝ፤ «ብረቱ የት አለ?
ሊማሊሞ ገደል፣ እዚያው እንደዋለ።»
ደሳለው ግን ማለ፤ በአርባ አራቱ ታቦት፣
በልጆቹም ማለ። ኋላ ስሰማ፣ ልጅም ሚስትም የሉት።

ሦስት ቅዳሜ ዞርን። አንዷ ጢስ ታጨሳለች፤
አንዷ ዳገት ስታይ ቆማ ትሳለማለች፤
አንዷ ሊብሬዋ ላይ የሙት ስም ተጽፏል፣
«ወራሽ ይስማማል» አሉን፤ መቼ ተሰምቶ ያውቃል?
ሙጨ እያንዳንዷን በጆሮው ሰምቶ
«አይ» ይላል፣ ይሄዳል፣ ኮፈኑን ዘግቶ።
እኔም ሰለቸኝና፦ «ሁሉስ አርጅቷላ!
በእኔ ብር የሚገዛ ምን አለና ሌላ?»
«እርጅናውንማ ማን ጠላው» አለና፣
«ዕድሜዋን የምትናገር አጣሁ እኮ መኪና።»

ከቀሃ ወዲያ ማዶ፣ ከቆርቆሮ አጥር ሥር
መምህር እንግዳወርቅ ዲኤክስ ያጥቡ ነበር።
ቀለሟ የተልባ፤ ወይ ቡኒ፣ ወይ ግራጫ፤
ግራ በሯ ደግሞ የጥጃ ቀንድ መፋጫ።
ሳልጠይቅ ጀመሩ። «ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትቀብጣለች፤
ዝናብ ያደረ ጠዋት ሁለት ጊዜ ታስላለች፤
የኋላው በር ከውጭ ነው፤ መስኮቱ በእጅ ነው፤
ከዚህ ሌላ ካገኘሽ ንገሪኝ፣ ልወቀው።»
ደብተርም ሰጡን፤ ባለ ሃምሳ ሉክ፣ ልባሱ ቀይ ቀለም፤
ዘይት ተቀይሮ ያልተጻፈበት ቀን የለም።
ፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ዋጋው፣ ቀኑ፤
አንድ ገጽ ላይ፦ «ቆመች። ጥፋት የኔ፤ አለቀ ቤንዚኑ።»

ሙጨ ማግኔቷን አውጥቶ ወደ በሩ አስጠጋ፤
ጠቅ ብላ ተጣበቀች።
ከዚያ ወዲያ ስለ ዋጋ።

አልዋሽም፣ ዋጋ ላይ ተከራከርኩ ክፉኛ፤
«እቁብ ነው?» አሉኝ፤ «እቁብ ነው።» «እኔም ነበርኩ እቁብተኛ።»
ስልሳ ሺህ ቀነሱ። ቀብድ፣ ውል፣ ስም ዝውውሩ፤
ማታ ላይ ቁልፉ እጄ ገባ፣ ከነጠቆረው ክሩ።

እሳቸው ግን ቆመው ቀሩ ከቢሮው ደጅ፤
«ቤት ድረስ በእግር አላውቅም፤ ታደርሺኝ ይሆን፣ ልጅ?»
ጋቢና ገቡ፤ በቀኝ፣ ባልለመዱት ወንበር፤
ቀበቶ ሲፈልጉ እጃቸው የሄደው ወደ ግራ ነበር።

ቁልቁለቱ መጣ። ከኋላ የሲኖትራክ ጡሩንባ፣
ከፊት ጤፍ የጫነች አህያ፣ መንገዱ መሐል ገባ።
መንጃ ፈቃዴ ገና ስድስት ወር ያልሞላው፤
ላብ በመዳፌ። በዐይኔ ጠርዝ እግራቸውን አየሁት፤ ቀኙን ነው፤
ወለሉን ረገጡ፣
ፍሬን የሌለበትን፣
ቀስ አድርገው፣ ከእኔ ቀድመው።

ቆመች። አህያዋ አለፈች።
ማንም ምንም አላለም።

ደጃቸው ላይ ወረዱ፤ በሩን ዘጉት፤ ከፈቱት፤ ደግመው ዘጉት።
«ይሄንን» አሉ፣ «ደብተሩ ላይ ረስቼ አልጻፍኩት።»